ቀለም ያልተቀባው ድስት

የመካኒሳ እድራችን ዕቃ ቤት ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል፤ አግዳሚዎቹ ተነባብረዋል፤ ትሪውና ሰፌዱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ድስቶቹ ግን ተደበላልቀው አያውቁም። ጆሯቸው ላይ ቀይ የተቀቡት የፍስክ ናቸው፤ ሥጋና ቅቤ የሚገባባቸው። አረንጓዴ የተቀቡት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ምንም ያልተቀቡት የጾም። ማማሰያውና ጭልፋውም እንዲሁ ተለይቷል። ቀለሙን ያመጣው ንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ ይሠራ የነበረ አባል ስለሆነ፣ የእድራችን ድስት ቀለሙ አይለቅም እየተባለ ይወራ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን እሳት እየላጠው በየዓመቱ መስከረም ላይ እንደገና ሲቀባ ነው።

ዘመኑ የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ ገና አልተፈጠረም፤ ሰው አድራሻውን በከፍተኛና በቀበሌ ይናገራል። ሰፈሩ ውስጥ የአረቄ ፋብሪካው ሠራተኛ አለ፣ ወታደር የነበረ አለ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ አለ፣ ከወሎ የመጣ አለ። የቀብሩ ቦታ እንደየእምነቱ ይለያያል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

ድግስም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ወጥ ሠሪዋ እማማ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቀኑ ምንድን ነው?» ብለው ነው። ቀጥለው «ማን ማን ይመጣል?» ይላሉ። የሽንኩርቱ ብዛት፣ የዘይቱ መጠን፣ የገንዘቡ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ሠርግ ቀን ይመረጥለታል፤ ሰው ጥርንና ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚመርጠው ግማሹ ለወጡ ሲል ነው። ሞት ግን ቀን አይመርጥም። ማክሰኞ የተቀበረ ሰው ለቅሶው ረቡዕን ይነካል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ቀዩ ድስት ታጥቦ ይከደናል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ሁዳዴ ከገባማ 55 ቀን ሙሉ ቀዩ ድስት ከመደርደሪያው አይወርድም። ይህን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እማማ ከሰው የሚለዩት ሰው በማያውቀው ነው። ለምሳሌ መስከረም 26 የሚገባው የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ የሚጾም አለ፣ የማይጾም አለ፣ የሚጾመውም አደባባይ አያወጣውም። እማማ ታዲያ በጥቅምት ድግስ ሁሉ ማንም ሳያዝዛቸው አንድ ድስት ሽሮ ጥግ ላይ ይጥዳሉ። ማን እንደሚበላው አይናገሩም። ድስቱ ግን ባዶውን ይመለሳል።

ፊደል አልቆጠሩም። የማን ልጅ ጴንጤ እንደሆነች፣ ማን የበግ ሥጋ እንደማይስማማው፣ የትኛው ሽማግሌ ጥርስ ስለሌለው ፍትፍቱ በደንብ መራስ እንዳለበት፣ የትኛዋ አራስ አጥሚት እንደሚላክላት ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። የተወለዱት ከደሴ ወዲያ ነው፤ ከአንድ እናት የወጣ አንዱ መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት አገር። «እኛ ዘንድ ሁለት ቢላ የሌለው ሠርግ ሠርግ አይባልም» ይሉ ነበር።

ሁለተኛውን ቢላ የመጥራት ሥራ የእኔ ነበር። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ወደ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ወደ ሐጂ ቤት እላካለሁ።

«ሐጂ፣ ነገ ጠዋት ይምጡልን ብለዋል።»

«ስንት በግ ነው?»

«አላውቅም።»

«እንግዶቻችን ስንት እንደሆኑ ጠይቀህ ና። ላም ባልዋለበት ኩበት አንለቅምም።»

ሐጂ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ማለዳ ይደርሳሉ። ፊት ለፊት ባለው ግቢ የእኛዎቹ በስመ አብ ብለው በሬውን ይጥላሉ፤ ጓሮ ሐጂ በጉን ወደ ቂብላ አዙረው ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ይላሉ። ሴቶቹ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምሮ አብረው ነው የሚከትፉት፤ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ ነው። ከተከተፈ በኋላ ይከፈልና የሐጂ ባለቤት ድርሻቸውን ይዘው ወደ አረንጓዴው ድስት ይሄዳሉ፤ ቅቤውን ከገዛ ቤታቸው አምጥተዋል። ጠላውና ጠጁ በእኛ በኩል፣ ብርዙና ለስላሳው በእነሱ በኩል ይዞራል። በአረቄ ፋብሪካ በሚታወቅ ሰፈር ብርዝ የሚጠጣ ይህን ያህል ሰው መኖሩ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ነገሩን የሚያከብደው ሥጋው ነበር። በአገራችን ረጅም ዘመን የሌላውን ወገን እርድ መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር። በየመንደሩ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚታየው መስቀልና ጨረቃ፣ ቄራ ውስጥ እርዱ ለየብቻ መሆኑ፣ የቅርጫ ማኅበሩ መለያየቱ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ባል መንገድ የሄደባት ሴት ዶሮዋን የሚያርድላት የራሷን እምነት ወንድ ልጅ ፍለጋ ሰፈር ታስሳለች። ይህን መለያየት ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልስማማም። አንድ ሰው ጎረቤቱ የማይበላውን ለይቶ ሊያውቅለት፣ ሊያርድለት፣ ዕቃ ሊገዛለት ከቻለ፣ ከዚህ በላይ ምን መቅረብ አለ? እርግጥ ነው፣ ልጅ ሆነን የሐጂ የልጅ ልጅ ከእኛ ትሪ ተነስቶ ወደዚያኛው ሲሄድ ይከፋን ነበር። እሱንም ይከፋው ነበር። ኳሱን አንድ ላይ ስንጠልዝ ቆይተን ለምሳ ብቻ መለያየት ለሕፃን አይገባውም።

ጴንጤዎቹ ሲመጡ ደግሞ የእማማ ሒሳብ ተናጋ። ጠላ አይጠጡም፤ ስለዚህ ወደ ብርዙ። ረቡዕን አይጾሙም፤ ስለዚህ ወደ ቀዩ ድስት። ብዙዎቹ ከሁለቱም እርድ ይበላሉ፤ ስለዚህ ወዴት? አንድ ሠርግ ላይ የሆነውን አልረሳም። ከሚራወጡት ልጆች አንዱ ቀይ ጭልፋ አንስቶ አረንጓዴው ድስት ውስጥ ከተተ። እማማ አዩ፤ የሐጂ ባለቤትም አዩ። ወጡ ለሙስሊሞቹ እንዳይቀርብ የክርስቲያን ሥጋ የነካ ጭልፋ ገብቶበታል፤ ለክርስቲያኖቹ እንዳይቀርብ በጉን ያረዱት ሐጂ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ድስቱ ላይ አፍጥጠው ትንሽ ቆዩና፣ «ጴንጤዎቹን ጥሩልኝ» አሉ እማማ። እነሱ ያን ቀን የበሉትን ያህል በልተው አያውቁም። የሐጂ ባለቤት እንቁላል ፍርፍርና ምስር ቶሎ አደረሱ፤ ልጁንም የተቆጣው የለም።

ከሁሉም ቀላሉ ድግስ የጾም ድግስ ነበር። ይህ ለሌላ አገር ሰው ተቃራኒ ይመስለዋል፤ ጾም የሚከለክል እንጂ የሚያበላ አይመስልም። እኛ ሰፈር ግን ትልቁ ዝክር የአቦ ነው፤ ዓመታዊ በዓላቸው መጋቢት 5። ሁዳዴ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ እንግዲህ የመጋቢት አቦ መቼም ከሁዳዴ አያመልጥም። እህል አልቀመሱም የሚባልላቸው ጻድቅ በዓላቸው ሁልጊዜ በጾም መዋሉ ይገባቸዋል። ያን ቀን ቢላ የለም፣ ቅቤ የለም፣ «ማን ነው ያረደው?» የለም። ቀለም ያልተቀባው ድስት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ይዞ ይወጣል፤ ሐጂም፣ ጴንጤዎቹም፣ ቄሱም ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። የሐጂ የልጅ ልጅ ከእኛ ጋር የሚቀመጥበት ቀን ነው። ለቅሶ ቤት የሚዞረው ንፍሮም ያው ነው፤ ስንዴና ሽምብራ ማን አረደው አይባልም። ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ምግብ ቤቶቻችን የጾም በያይነቱን ሥጋ ለማይበላ ፈረንጅ እየሸጡ ይኖራሉ፤ መካኒሳ ግን ሙስሊም ጎረቤት ይበላበት ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ሰፈራችን ገነት ነበር ማለቴ ነው። አልነበረም። ድንኳኑ የማያውቀው አንድ ክልከላ ነበረ፤ የሐኪም።

አባቴን ስኳር የያዘው እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሐኪሙ እንጀራውን አሳንስ፣ ጠጅና ጠላውን ተው፣ ሰዓትህን ጠብቀህ ብላ አለው። ቤት ውስጥ ቀላል ነበር፤ እናቴ ትመዝንለታለች። ድንኳን ሲገባ ግን ጉድ ይፈላል። «ኧረ ጉርሻዬን አትመልስብኝ!» ይባላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። «ስኳር አለብኝ» ሲል «አይዞህ፣ ትንሽ ምንም አያደርግህም» ይሉታል። ጠጁን ሲመልስ «ማር እኮ መድኃኒት ነው» ይባላል። ሕመሙን ደጋግሞ ሲናገር ደግሞ በጠና የታመመ ይመስላቸውና ከንፈር ይመጣሉ። ጤነኛ ሆኖ መታየት የሚፈልግ ሰው ይህን አይችለውም።

አባቴ አንድ ቀን ብልሃት አገኘ። ቤቱ በሰዓቱ በልቶ ጠግቦ ይወጣና፣ ድንኳን ውስጥ ጉርሻ ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጾመኛ ነኝ» ይላል። እጅ ሁሉ ወዲያው ይመለሳል። ማንም «ትንሽ ቅመስ» አይለውም፤ ማንም «ምንም አያደርግህም» አይለውም። የእግዚአብሔር ክልከላ ነዋ! ሐኪም ሲከለክል የሚከራከረው ሰው ሁሉ ጾም ሲባል ዝም ይላል። ችግሩ ሐሙስ ቀን መጣ። «ዛሬ ምን ጾም አለ?» ሲሉት ትንሽ አሰበና «የንስሐ አባቴ ያዘዙኝ ቀኖና ነው» አለ። ቀኖና ሲባል ደግሞ ጭራሽ አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ጻድቅ ነው ሲለው፣ ግማሹ ይህን ያህል ዓመት የሚያስጾም ኃጢአቱ ምን ይሆን ብሎ ይጠረጥር ነበር።

የገባቸው ሐጂ ብቻ ይመስሉኛል። «እኛ ዘንድ የታመመና መንገደኛ በረመዳን ማፍጠር ይፈቀድለታል፤ በኋላ ያካክሳል» አሉት አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ፤ «አንተ ደግሞ በልተህ የምትጾመው ምን ሆነህ ነው?» አባቴ ሳቀ እንጂ አልመለሰም። ሐጂ ያሉት እውነት ነው፤ ቁርኣኑ ለበሽተኛ ይፈቅዳል፤ በእኛም በኩል የንስሐ አባት ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀልሉለታል። ሃይማኖቱ ለበሽተኛ ያዘነውን ያህል ድንኳኑ አላዘነለትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐጂ ቤት የአባቴ ቡና ያለ ስኳር ይቀዳ ነበር።

እማማስ? ሁሉን የሚያውቁት እማማ ይህን አያውቁም ነበር ማለት ይከብደኛል። ቢያውቁም ቀለም አልነበራቸውም። ነገሩ ትንሽ የተነቃነቀው እሳቸውን ራሳቸውን ደም ግፊት ሲይዛቸው ነው። ጤና ጣቢያ ጨው ቀንሱ ተባሉ። ወጥ የሚቀምሱት በምላሳቸው ስለሆነ፣ ምላሳቸው ሲለምድ የሰፈሩ ወጥ ሁሉ ጨው አጣ። ማጉረምረም ተጀመረ፤ «እማማ አረጁ» ተባለ። የእድሩ ሹማምንት ሽማግሌ ላኩባቸው። እማማ መልሳቸውን በቃል አልሰጡም፤ በሚቀጥለው ዝክር በየትሪው መሐል አንዳንድ ሲኒ ጨው አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ምንድን ነው ሲሉ፣ «ያነሰው ይጨምር፤ የበዛበት ከየት ያወጣል?» አሉ። በዕድሜዬ ካየሁት የእድር ማሻሻያ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ማንም በሽታውን አልተናገረም፤ ማንም ተለይቶ አልተቀመጠም፤ ሲኒው ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጤናማው ሰው እጁን ዘረጋ፤ በሽተኛው አርፎ በላ። ለስኳር እንዲህ ያለ ነገር ሳይገኝ ቀረ።

አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። ቀኑ የፍስክ ነበር፤ ቀዩና አረንጓዴው ድስት ሁለቱም ወጡ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ የሚያነሳለት ስለ ጾሙ ነበር። «እንዲህ ያለ ጾመኛ አይገኝም» እየተባለ ሻይ ይዞራል፤ ሻዩ ደግሞ አንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ዓይነት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ማልቀሷን ይሁን መሳቋን አልጠየቅኳትም።

ከመካኒሳ የወጣሁት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዕጣ ጀሞ ላይ ወጣልን። የኮንዶሚኒየሙን ንድፍ ያወጡ ሰዎች የእኛን ኑሮ አስበውልን ነበር፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በበዓል የሚታረድበት የጋራ ቤት አብሮ ተሠርቷል። ነዋሪው ኮሚናል ይለዋል። ብዙው ኮሚናል ዛሬ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል፤ ኪራይ ያስገባል። የእኛው ግማሹ ተከራይቶ ግማሹ ለእድሩ ተርፏል። ዕጣ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም፤ በአንድ ደረጃ የምንወጣ ሰዎች ማን ምን እንደሚበላ ሳንተዋወቅ ዓመታት አለፉ። ድግሱን የሚያበስለው ኬተሪንግ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ቡፌ ይደረደራል፤ ፊቱ ላይ «ጾም»፣ «ፍስክ»፣ «ለሙስሊም እንግዶች» የሚል ወረቀት ይቆማል።

በዕድሜ የምንበልጠው ብዙዎቻችን በዚህ እናማርራለን። ወረቀቱ ግን ጥቅም አለው። በእማማ ዘመን የጽጌ ጾመኛው እማማ አውቀውት ነው የሚበላው፤ ዛሬ ማንም ሳያውቀው ሳህኑን ይዞ ያልፋል። አባቴ በቡፌ ዘመን ቢኖር ኖሮ ትንሽ ጎመን አንስቶ ጥግ ይይዝ ነበር፤ ቀኖናም አያስፈልገውም። የጎደለው ጭልፋውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ከፍስኩ የወጣ ማንሻ ጾሙ ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል፤ አስተናጋጁ ልጅ ሲጠየቅ «ያው ነው፣ ችግር የለውም» ይላል። የሽሮው ዘይት ምን እንደተጠበሰበት ለመጠየቅም የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ግን አንድ ነገር ሆነ። ሁዳዴና ረመዳን ሁለቱም ሰኞ መጋቢት 2 ገቡ። የአቦ ዝክር ሐሙስ ዋለ፤ የሁለቱም ጾም አራተኛ ቀን። ከመካኒሳ ሳንወጣ ጀምሮ ይህን ዝክር የሚያወጡ አንዲት እናት በእኛ ሕንጻ አሉ፤ ሁልጊዜ ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ያን ዓመት ታችኛው ፎቅ ካሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ተማከሩና ሰዓቱን ፀሐይ መጥለቂያ ላይ አደረጉት። ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢቆይ ምንም አይልም፤ ሙስሊሙ ቀድሞ መብላት አይችልም። ኮሚናሉ ውስጥ ተምርና ውሃ ቀድሞ ወጣ። ሳምቡሳው የምስር ነበር፤ ሁለቱም ጾመኛ የሚበላው። የተጠበሰበትን ዘይት ሴቶቹ ተያይዘው ሄደው ነው የገዙት። ነፍሰ ጡር የሆነች ጴንጤ ጎረቤታችን ፀሐይን አልጠበቀችም፤ አሥር ሰዓት ላይ ከድስቱ ቀድቶ የሰጣት ሰው ነበር፤ ቆይ ያላትም የለም። አዛን ሲሰማ ግማሹ ተምር አነሳ፤ ቄሱ «አቡነ ዘበሰማያት» እስኪሉ ግማሹ ቆየ። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ተቆረሰ። ወጡ ጨው አንሶት ነበር፤ ሲኒ ግን አልነበረም።

እድራችን ባለፈው ስብሰባው ስለ ድንኳን ዕቃ ግዥ ሲወያይ አንዲት ነርስ የሆነች አባል ተነሥታ ስለ ስኳር ሕሙማን አነሳች። ለብቻ ጠረጴዛ ይኑር አለች። አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ስኳር ያለበት ቤቱ በልቶ ይምጣ» አሏት። ሰብሳቢው ነገሩ በቁጥር ይታወቅ ብለው ስኳር ያለበት እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ጠዋት ጠዋት መርፌ እንደሚወጉ አውቃለሁ፤ ጣሪያውን ያዩ ነበር። ነርሷ ትንሽ ዝም ብላ «እሺ፣ ጠረጴዛው ይቅር። ሻዩን ሁሉ ያለ ስኳር አፍሉት፤ ስኳሩን በየጠረጴዛው ለብቻ አስቀምጡት» አለች። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ለቅሶ ቤት መራራ ሻይ ማቅረብ ነውር ነው የሚልም ነበር። ያኔ ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ኪሎ ስኳር ዛሬ ስንት እንደሚሸጥና በአንድ ለቅሶ ስንት ኪሎ እንደሚያልቅ አሰሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ «ወጪ ለመቀነስ» ተብሎ ተጻፈ።